ዝሆኑ ሳይመጣ ሙጫው መጣ

«ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ እኮ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አልነበረም» አለኝ ዲጂታል ማርኬቲንግ የሚሠራ የሰፈራችን ጎረምሳ። «እኛ ዛሬ ሰውዬው ገና ሳያስበው ስልኩ ላይ እንደርሳለን።»

እናንተማ ትደርሳላችሁ። የማይደርሰው ዕቃው ነው።

ልጁ ሳቀ እንጂ አልተሸነፈም። «የታለመለት ሰው፣ በታለመለት ሰዓት፣ በታለመለት ቦታ» እያለ ቀጠለ። የታለመለት የነዳጅ ድጎማ የመጣ መስሎኝ ልቤ ደንገጥ አለ።

በል ቁጭ በል የኔ ልጅ። ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ሬዲዮ ሳይኖር፣ በባልዲ ሙጫ ብቻ አንድን አገር ያዳረሱ ሰዎች ነበሩ። ከዛሬ 140 ዓመት በፊት፣ አሜሪካ ውስጥ፣ በባቡር የሚዞሩ የሰርከስ ሰዎች። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ፤ ሰባትና ስምንት እየቀነስክ አታቋርጠኝ።)

የነገሩ መነሻ ጭቃ ነው። ሰርከስ ድሮ የሚጓዘው በፈረስ ጋሪ ነበር። ማታ ትርኢቱ ሲያልቅ ድንኳኑ ተነቅሎ ይጫንና ሌሊቱን ሲንፏቀቁ አድረው ጠዋት የሚደርሱት ቀጥሎ ካለው መንደር ነው። መንደሩ የፈለገውን ያህል ቢያንስ ትርኢት ይታይበታል፤ ፈረስ በአንድ ሌሊት ከዚያ አያልፍማ! ፊኒየስ ባርነም በ1871 ብሩክሊን ላይ ትልቁን ሰርከሱን ሲከፍት፣ ስሙን ያዋጣው እሱ፣ ሥራውን ያዋጣው ሸሪኩ ዊሊያም ኩፕ ነበር። በ1872 ዝሆኑም፣ ድንኳኑም፣ ጋሪውም ባቡር ላይ ይጫን ብሎ የተነሳው ይኸው ኩፕ ነው። ጠፍጣፋ ፉርጎዎቹን አንዱን ከአንዱ በመሸጋገሪያ አገናኘና ጋሪዎቹ ከኋላ ወጥተው እስከ ፊተኛው ድረስ እንዲንከባለሉ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ሰርከሱ በአንድ ሌሊት 160 ኪሎ ሜትር እየዘለለ ትልልቁን ከተማ ብቻ መረጠ።

«ታዲያ ትንንሾቹ ከተሞች ቀረባቸዋ!» አለ ልጁ፣ ያገኘኝ መስሎት።

አልቀረባቸውም። ሰርከሱ እነሱ ዘንድ መሄድ ሲያቆም እነሱ ሰርከሱ ዘንድ ሄዱ። የባቡር ኩባንያዎቹ ለሰርከስ ቀን ዋጋው የተቀነሰ የደርሶ መልስ ትኬት ይሸጡ ነበር። ገበሬው ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ስንትና ስንት ጣቢያ አልፎ ይመጣል። ግን ገበሬ ቀኑን ሳያውቅ ባቡር አይሳፈርም። ስለዚህ ሐዲዱ በሄደበት ሁሉ ወረቀት መሄድ ነበረበት። ኩፕን ያበላው ዝሆኑ ብቻ አይደለም፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው የሰው ግድግዳም ነው።

«እሺ፣ ወረቀቱን ማን ወሰደው? በፖስታ ላኩት?»

በፖስታ! ዝሆኑን የጫነው ባቡር ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ ሌላ ፉርጎ ይመጣል። ከመደበኛው የመንገደኛ ባቡር ጀርባ ተቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ ውጪው በአንበሳና በፈረስ ጋላቢ ሥዕል ደምቆ ሲታይ ራሱ ፖስተር ነው። አንደኛው ፉርጎ ለጥፎ ሲሄድ ሁለተኛው ይከተላል፤ ትልልቆቹ ሰርከሶች ሦስተኛም ነበራቸው። መጀመሪያ የመጣው የለጠፈውን ዝናብ ካጠበው፣ ተቀናቃኝ ከሸፈነው፣ ፍየል ከበላው፣ የኋለኛው ያድሰዋል። አንተ ዛሬ አንዱን ማስታወቂያ አሥር ጊዜ የምታሳየኝ ስልት አዲስ መስሎህ ነበር አይደል?

ውስጡን ልንገርህ። ከታች በግራና በቀኝ ወረቀት የሚታጨቅበት ሣጥን፣ ከላይ ሰዎቹ የሚተኙበት አልጋ፣ ጥግ ላይ ቦይለር። ቦይለሩ ለሻይ አይደለም። ዱቄትና ውኃ በበርሜል ይቀላቀልና እንፋሎት ይለቀቅበታል፣ እየተማሰለ ወፍሮ ሙጫ ይሆናል። ሃያ ምናምን ወንድ ከዚያ ሁሉ ሙጫና ቀለም ጋር ተኝቶ ያድራል። ከተማው ገና ሳይነቃ ባልዲያቸውን ሞልተው፣ እጀታው የረዘመ ብሩሽ ይዘው፣ መሰላል ተሸክመው ይበተናሉ። ግድግዳውን ሙጫ መቀባት፣ ወረቀቱን ማሳረፍ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ሙጫ። አንዱ ሉህ 71 በ107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ አንድ ሉህ ብቻ ነው። የጎተራ ሙሉ ጎን ሲያገኙ ሃያ አራቱንም ከዚያ በላዩንም ገጣጥመው አንድ ሥዕል ያወጣሉ። በነፋስ፣ መሰላል ላይ ቆሞ፣ የአንበሳውን ጭንቅላት ከአንበሳው ትከሻ ሳያዛንፉ መግጠም! አንተ ስልክህ ላይ ፎቶ ስትቆርጥ እንኳ የሙሽራዋን ግማሽ ፊት ትበላለህ።

ሥራው ለየሰው የተከፈለ ነው። ከተማ ውስጥ የቀረው ጸጉሩን አበጥሮ ሱቅ ለሱቅ እየገባ «ጌታዬ፣ መስኮትዎ ላይ ይቺን ሥዕል ባደርግ» የሚል ትሑት ነው። ሌላው ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የጨርቅ ማስታወቂያ በምስማር የሚመታ ነው። ሌላው ጋሪና ባለጋሪ ተከራይቶ ገጠር ይወጣል፤ በረት፣ አጥር፣ የወፍጮ ቤት ጎን፣ ያገኘውን ሲያለብስ ውሎ ሲመሽ ይመለሳል። በአነስተኛ ጣቢያዎች እየወረደ ሐዲድ ለሐዲድ የሚለጥፍም ነበረ። እነዚህ ሁሉ ከመድረሳቸው በፊት ደግሞ ውል የሚዋዋል ሰው አልፏል። የድንኳኑን ቦታ የተከራየው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ያወጣው፣ የፈረሱን ድርቆሽ፣ ውኃውን፣ ለሙጫ የሚሆነውን ዱቄት ሳይቀር ዋጋ የተነጋገረው እሱ ነው። ትርኢቱ አንድ ቀን ሲቀረው የሚመጣ አንድ ብቸኛ ሰው አለ፤ ሥራው የታዘዘው ሁሉ በቦታው መኖሩን ማየት ነው። ካቦዎቻችን ይህን ሰው ቢያገኙት እንደ ሰላይ ነበር የሚያባርሩት።

«ግድግዳውስ የማን ነው? ዝም ብለው ነው እንዴ የሚለጥፉት?»

አሁን ጥሩ ጠየቅህ። ዝም ብለው አይለጥፉም። መስኮቱን ለሰጠ ባለሱቅ፣ በረቱን ለሰጠ ገበሬ፣ የነፃ መግቢያ ወረቀት ይሰጠዋል። ጎበዝ የሆኑት ግን መስጠታቸው ላይ አይደለም። ቆይቶ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ መዝገቡን ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ ያያል። ወረቀቱ ተቀዶ ወይም በሌላ ተሸፍኖ ከተገኘ መግቢያዋ ዋጋ የላትም። ስለዚህ ገበሬው የራሱን በረት እየጠበቀ የሰው ማስታወቂያ ያስጠብቃል። ሚስቱ «ምን ሆነህ ነው ሌሊት የምትነሳው?» ብትለው «ነብሩን ላይ» ይላል፤ ነብሩ ወረቀት ነው።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና ከሌላ በኩል መጣ። «ጋሼ፣ ግን ውሸታሞች ነበሩ። ባርነም አጭበርባሪ እንደነበር እኔም አንብቤያለሁ።»

አንብበሃል? እግዜር ይስጥልኝ። እውነትህን ነው፤ የቅጽል ረሃብ የለባቸውም ነበር። ትልቅ አይሉም፣ የዓለም ትልቁ ይላሉ። የባርነም ሰርከስ መፈክር ራሱ «የምድራችን ታላቁ ትርኢት» ነበር። ሲንሲናቲ ከተማ የነበረው የስትሮብሪጅ ማተሚያ ቤት በድንጋይ ላይ እየሣለ የሚያወጣላቸው ሊቶግራፍ ላይ ጉማሬው ጀልባ ይውጣል፣ ፈረሱ ደመና ይረግጣል። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ጉማሬው ተኝቷል።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። በዝሆኑ ቁመት ይዋሻሉ፣ በአንበሳው ብዛት ይዋሻሉ፤ በቀኑ አይዋሹም። ሥዕሉ ለሁሉም ከተማ አንድ ነው፤ የከተማው ስምና ቀኑ ግን ለብቻው ታትሞ ከሥር ይለጠፋል። ማክሰኞ ካለ ማክሰኞ ነው። ጎርፍ ወይም የባቡር አደጋ ካልመጣ በቀር ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዝሆኑ ጣቢያው ላይ ቆሟል። ሌላ ምርጫም አልነበራቸውም፤ ቦታው ተከራይቷል፣ ድርቆሹ ተገዝቷል፣ የባቡር ኩባንያው ሰዓቱን ይዟል፣ የረቡዕ ከተማም ወረቀቱን አንብቦ እየጠበቀ ነው። አንድ ቀን ቢያዛንፉ የወር ቀጠሯቸው ሁሉ ይፈርሳል። እኛ ዘንድ «በቅርብ ቀን» የሚል ባነር ተሰቅሎ ቀኑ ሳይቀርብ ጨርቁ አልቆ ይወርዳል። እናም እኔ ብመርጥ፣ በዝሆን ዋሽቶ በሰዓቱ የሚመጣውን እመርጣለሁ።

ይቅር የማልላቸው ውሸት ሌላ ነው። ባርነም እንጀራውን የጀመረው በ1835 ጆይስ ሄት የምትባል በባርነት የኖረች አሮጊት 161 ዓመቷ ነው ብሎ ለትርኢት በማቆም ነው። በ1884 ደግሞ ሰርከሱ ከየአህጉሩ ሰው ሰብስቦ «አረመኔ ነገዶች» እያለ ከእንስሳው ጎን አሳየ፤ ያንንም በቀለም አትመው በየግድግዳው ለጠፉት። እዚህ ላይ ተረብ አያምርም። ይለፍ።

ተረብ የሚያምረው እርስ በርሳቸው ሲበላሉ ነው። ሁለት ሰርከስ በአንድ ወር አንድ ከተማ ላይ ከተገናኘ ለጣፊው ወታደር ይሆናል። የአንዱን ፖስተር ሌላው ሌሊት ሄዶ ይሸፍናል፤ የተሸፈነበት ተመልሶ ይሸፍነዋል፤ ግድግዳው ላይ የወረቀቱ ውፍረት እየጨመረ ይሄዳል፤ ለጣፊዎቹ ሲገናኙ ብሩሹ ለሌላ ሥራ ይውላል። ዘግይቶ የሚመጣው ሰርከስ «ጠብቁ! ትልቁ ገና እየመጣ ነው» የሚል ያትማል። የባሰበት ደግሞ ተቀናቃኙን በስም እየጠራ የሚሰድብ ወረቀት ያሳትማል፤ በሙያው ቋንቋ «የአይጥ ወረቀት» ይሉት ነበር። ይኸውልህ፣ ኮሜንት ላይ መሰዳደብንም እናንተ አልጀመራችሁትም።

በዚህ ጦርነት የባርነም ባላንጣ የፊላደልፊያው አዳም ፎርፖ ነበር። በ1884 ባርነም ከወደ በርማ ቅዱስ ነጭ ዝሆን አመጣሁ ብሎ አገር ምድሩን በወረቀት ሞላው። ዝሆኑ ሲወርድ ግራጫ ነው፤ እዚህም እዚያም ነጣ ያለ ነገር ብቻ ጣል ጣል ብሎበታል። ፎርፖ ግን ቀድሞት «የእስያ ብርሃን» የሚል በረዶ የመሰለ ዝሆን አውጥቷል። እንዴት ነጣ? በቀለም ነዋ! የባርነሙ እውነተኛ ነው፣ ነጭ አይደለም፤ የፎርፖው ነጭ ነው፣ እውነተኛ አይደለም። ሕዝቡ ሁለቱንም ከፍሎ አየ። ኋላ ነገሩ ሲነቃበት የፎርፖው ዝሆን «ሞተ» ተባለና ቀለሙ ጉዳዩን ዘጋ።

ባርነም ራሱ አፉን የተያዘበት ቀንም አለ፤ ይቺን እወዳታለሁ። መጋቢት 1880 ፊላደልፊያ ውስጥ የጄምስ ቤይሊ ሰርከስ ዝሆን ወለደች። ግልገሏን ኮሎምቢያ አሏት። ባርነም ቀንቶ ቴሌግራም ላከ፤ ቻናል የሌለውን ማለቴ ነው። እናትና ልጇን በ100,000 ዶላር ልግዛችሁ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይሸጣል፣ ወይ «አንሸጥም» ብሎ ይመልሳል። ቤይሊ ምን አደረገ? ቴሌግራሙን እንዳለ አጉልቶ ፖስተር ላይ አተመና «ባርነም ስለ ሕፃኗ ዝሆን የሚለውን አንብቡ» ብሎ ለጠፈው። በጠላት ገንዘብ የተጻፈ ማስታወቂያ! ባርነም ተረብ ያውቅ ነበርና ከዚህ ሰው ጋር ከመጋጨት መሸረክ ይሻላል አለ። በ1881 ሁለቱ ሰርከሶች አንድ ሆነው ወጡ።

«ቤይሊ ከየት ነው የተማረው ታዲያ?»

ከለጣፊ። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ ሚሺጋን ውስጥ ሆቴል ቤት የሚላላክ ልጅ ነበር። ከሰርከስ ቀድሞ እየዞረ ማስታወቂያ የሚያስለጥፍ ፍሬድ ቤይሊ የሚባል ሰው አየውና ይዞት ሄደ። ልጁ ሥራውንም ስሙንም ከዚያ ሰው ወሰደ። ዛሬም ድረስ የሚጠራው «ቤይሊ» የሚለው ስም ዝሆን ከሚያሠለጥን ወይም ገመድ ላይ ከሚሄድ አልተወረሰም፤ ሙጫ ከተሸከመ ሰው ነው።

ባርነምም ቢሆን ከቤይሊ ተምሯል። በ1882 ከለንደን መካነ አራዊት ጃምቦን በ2,000 ፓውንድ ገዛ። ጃምቦን ታውቀዋለህ? ትንሽ ሳለ የተያዘው በሱዳንና በአቢሲኒያ ወሰን አካባቢ ነው ይላሉ ታሪኩን የጻፉት፤ እንግዲህ የጎረቤት ልጅ ነው። ሣጥን ውስጥ ግባ ሲሉት ለንደን መንገድ ላይ ተጋደመ። የእንግሊዝ ልጆች አለቀሱ፣ ጋዜጣው ጮኸ። ባርነም ይህን ሲሰማ ይተኛ፣ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም አለ ይባላል። አንድ የለንደን ጋዜጣ ስንት ብንከፍልህ ትተውልናለህ ብሎ በቴሌግራም ቢጠይቀው፣ 51 ሚሊዮን አሜሪካዊ እየጠበቀው ነው፣ በ100,000 ፓውንድም አልለቀው ብሎ መለሰ። ጥያቄውም መልሱም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ማስታወቂያውን እንግሊዞች በገዛ ገንዘባቸው ሠሩለት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1885፣ ካናዳ ውስጥ ሴንት ቶማስ በምትባል ከተማ ትርኢቱ አልቆ ጃምቦ ወደ ፉርጎው ሲሄድ የዕቃ ባቡር ገጭቶ ገደለው። ዝናውን በየጣቢያው ያደረሰው ሐዲድ ነው የጨረሰው። ባርነም አለቀሰ? አላውቅም፤ የሠራውን ግን እነግርሃለሁ። ቆዳውን በእንጨት አካል ላይ አስወጥሮ፣ አጥንቱን ለብቻው አስቁሞ፣ በቀጣዩ የትርኢት ዘመን ሁለቱንም ይዞ ዞረ። አንድ ጃምቦ ሞቶ ሁለት ጃምቦ ማስታወቂያ ላይ ወጣ። «ቅናሽ፣ አንድ ሲገዙ ሁለት» የምትለዋን ከየት እንዳመጣሃት አሁን ገባህ?

ልጁ ስልኩን እያየ «ጋሼ፣ ቢሆንም ወረቀት ይበሰብሳል። የኛ ግን ለዘላለም ይኖራል» አለ።

የናንተ ለዘላለም የሚኖረው ስልኩ እስኪሰረቅ ነው። አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ፣ በ1991 አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ የግድግዳው ጣውላ ቢነሳ፣ ከሥሩ የፎርፖ ሰርከስ ፖስተሮች ከ1883 ጀምሮ እንደተለጠፉ ተገኙ። ከመቶ ዓመት በላይ ጣውላ ሥር ኖረው ሙዚየም ገቡ። ዱቄትና ውኃ ነው እንግዲህ። የእኛ አጥር ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ይህን ያህል አይኖርም ብላችሁ አትጽናኑ፤ የእኔ አጥር ላይ ያለውን በቢላም ፍቄ አልወጣልኝም።

ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ባልዲ ይዛችሁ ለምትዞሩ ወገኖች አንዲት ልመና አለችኝ። «መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ እየሸፈናችሁ መለጠፋችሁን እናንተም አትተዉም፣ እኔም ለምዶብኛል። ግን ቀኑን ጻፉበት። ለባለ አጥሩም ትኬት አምጡ፣ ሁለት ሰው የምታስገባ፤ ባለቤቴም ትርኢት ትወዳለች።